የዓለም አፈ ታሪኮች ለሕጻናት፤ የሚነገረውና የሚቆረጠው

የፍርግያው ንጉሥ ሚዳስ የነካው ሁሉ ወርቅ ይሆንለት ዘንድ ባኮስ የተባለውን አምላክ ለመነ፤ የለመነውም ተሰጠው። ዳቦ ሲቆርስ ዳቦው ወርቅ ሆነበት፤ ጽዋ አንስቶ ሊጎነጭ ሲል ወይኑ የቀለጠ ወርቅ ሆነበት። በሀብት ተከቦ በረኀብ ሊሞት የተቃረበው ይህ ንጉሥ፣ ስጦታው እንዲነሳለት ተማጽኖ፣ በፓክቶሎስ ወንዝ ታጥቦ ዳነ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት «ሜታሞርፎሰስ» በተባለው ታላቅ የግጥም ሥራው ያቆየልን ታሪክ ይኸው ነው። አንባቢ ልብ ይሏል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የንጉሡ ሴት ልጅ የለችም።

ዛሬ ግን ይህን ታሪክ በልጅነቱ የሰማ ብዙ ሰው፣ ንጉሡ የሚወዳት ልጁን ነክቶ ወደ ወርቅ ሐውልት እንደ ለወጣት አድርጎ ይተርከዋል። ልጅቱን የፈጠራት አሜሪካዊው ደራሲ ናታንኤል ሆቶርን ነው። ሆቶርን የግሪክን አፈ ታሪኮች ለሕጻናት እንዲስማሙ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው የድንቅ ታሪኮች መጽሐፍ፣ ለሚዳስ ሜሪጎልድ የምትባል ልጅ ሰጠው፤ ልጅቱን ወርቅ አድርጎ አባቷን አስለቀሰው፤ በመጨረሻም ውኃ አስረጭቶ ሕይወቷን መለሰላት። ሥራው በጥበብ የተሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም። የንጉሡ ቁርስ በገበታው ላይ ወርቅ እየሆነ የሚያስቸግርበት ክፍልም አልቀረም። ሆኖም ቅሉ ልጅቱ ወደ መድረኩ መካከል ስትወጣ ረኀቡ ወደ ዳር ተገፍቷል።

የኦቪድ ታሪክ ወርቅ እንጀራ እንደማይሆን ይናገራል። የሆቶርን ታሪክ ፍቅር ከወርቅ እንደሚበልጥ ይናገራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ድርቅና ረኀብ ምን እንደሆነ ከወላጆቹ አፍ የሰማ ልጅ ለመጀመሪያው ሚዳስ የቀረበ ጆሮ አለው፤ ጎተራው ሞልቶ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ይህን ልጅ ከሚዳስ ረኀብ አርቀን የሚዳስን እንባ ብቻ ስንሰጠው፣ የቀረበውን ነገር ነስተን የራቀውን ሰጠነው ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚህ ይነሳል። የዓለምን ሕዝቦች አፈ ታሪክ ለሕጻናት ማስተዋወቅ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ይገባል። ጥያቄው ታሪኩ ወደ ሕጻናት ሲደርስ ምን ይዞ ይደርሳል የሚለው ነው። ለሕጻናት ተብሎ የሚዘጋጅ አፈ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይቆረጥበታል። አንደኛው በታሪኩ ውስጥ የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ይኸውም ኀዘኑ፣ ሽንፈቱና የሞቱ ነገር ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ነው፤ ይኸውም ታሪኩን የተናገረው ሕዝብና በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው መልክ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት የሚቆረጠው ክፍል ታሪኩ ሊናገር የመጣበት ዋና ነገር ነው። የእኛን አገር ልጆች በሚመለከት ደግሞ ሁለተኛው መቆረጥ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ የሚቆረጠው አንዳንድ ጊዜ ልጁ ራሱ ነውና።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ይበጃል። በሥነ ቃል ጥናት ዓለምና ፍጥረት፣ ሞትና እሳት፣ ሌሊትና ቀን እንዴት እንደ መጡ የሚተርከውን «ሐተታ ተፈጥሮ»፣ በአንድ ቦታና ዘመን ተፈጽሟል የሚባለውን የጀግና፣ የንጉሥ ወይም የቅዱስ ታሪክ «አፈ ታሪክ»፣ ለመማሪያና ለመዝናኛ የሚነገረውን ልብ ወለድ «ተረት» እያሉ መለየት የተለመደ ነው። በዕለት ንግግር ግን አፈ ታሪክ የሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ስለሚሸፍን እዚህም በዚሁ ሰፊ ትርጉሙ እንጠቀምበታለን። መታወቅ ያለበት ተረትና አፈ ታሪክ የተለያየ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። ተረት በምክር ሊዘጋ ይችላል፤ «ስለዚህ ልጆች ሆይ» ብሎ መደምደም ያምርበታል። አፈ ታሪክ ግን የሚዘጋው ዓለም አሁን ባለችበት ሁኔታ ላይ ነው፤ ሰው ይሞታል፣ ምድር በክረምት ትደርቃለች ወይም ትበርዳለች፣ እሳት በሰው እጅ አለ። ይህን በምክር መዝጋት አይቻልም።

የጳንዶራን ታሪክ እንመልከት። ጥንታዊው ግሪካዊ ባለቅኔ ሄሲዮድ «ሥራና ቀናት» በተሰኘው ሥራው እንደሚተርከው፣ ፕሮሜቴዎስ እሳትን ከአማልክት ሰርቆ ለሰው ልጅ ሰጠ፤ ዜውስም ስለዚህ ስርቆት ሰዎችን ሊቀጣ ጳንዶራን አስቀርጾ ላከ። እርሷም የአንድ ትልቅ ጋን ክዳን አነሳች፤ መከራው ሁሉ ወጥቶ በዓለም ላይ ተበተነ፤ ተስፋ ብቻ በጋኑ አፍ ሥር ቀረች። ዕቃው ሣጥን የሆነው ከብዙ ዘመናት በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በላቲን ሲጽፈው በተፈጠረ ለውጥ ነው። ጋን ለእኛ አገር ልጅ ከሣጥን ይልቅ የቀረበ ዕቃ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን ያለ ጊዜው እንዳይከፈት እናቱ ስትቆጣ ሰምቷልና።

ሆቶርን ይህንኑ ታሪክ በዚያው መጽሐፉ ሲያቀርብ ጳንዶራን ትንሽ ልጅ፣ ኤፒሜቴዎስንም የጨዋታ ጓደኛዋ አድርጎ፣ የማይከፈት ሣጥን አጠገባቸው አስቀመጠ። የእሳቱ ስርቆት በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም። ምክንያቱ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ምንድን ነው? የማያርፍ እጅ ያላት ልጅና የማያርፍ እጅ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሰው እሳትን ስላገኘ ምን ከፈለ የሚለው ታላቅ ጥያቄ «የተከለከልሽውን አትንኪ» ወደሚል የቤት ውስጥ ተግሣጽ ወረደ። የሄሲዮድ ትረካ ለሴቶች ያለው ንቀት ዛሬ የምንቀበለው አይደለም፤ ይህንንም ከፍ ላሉ ተማሪዎች ገልጾ መንገር የመምህሩ ድርሻ ነው። ነገር ግን ንቀቱን ለማለዘብ ሲባል ጥያቄው አብሮ ተጣለ፤ ያውም ጥፋተኛዋ ያቺው ሴት ልጅ እንደ ሆነች ቀረች።

ሌላው ምሳሌ የጊልጋሜሽ ታሪክ ነው። የዚህ ጥንታዊ የመስጴጦምያ ሥራ የሸክላ ጽላቶች በነነዌ ፍርስራሽ፣ በአሦሩ ንጉሥ በአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተገኙ፤ እንግሊዛዊው ጆርጅ ስሚዝም የጥፋት ውኃውን ክፍል አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1872 ለዓለም አሰማ። የኡሩክ ንጉሥ ጊልጋሜሽ ወዳጁ ኤንኪዱ ሲሞትበት ሞትን ሸሽቶ እስከ ዓለም ዳርቻ ይሄዳል፤ በብዙ ድካም ከውኃ ሥር ወጣትነትን የሚመልስ ተክል ያገኛል፤ ውኃ ሊታጠብ በወረደበት ቅጽበት እባብ ተክሉን ይወስድበታል፤ እባቡም ቆዳውን ገፍፎ ይሄዳል። ጊልጋሜሽ ተቀምጦ ያለቅሳል። ከዚያም ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመልሶ አብሮት ለመጣው ጀልባ ቀዛፊ የከተማውን ግንብ ያሳየዋል።

እንግዲህ አንድ አዘጋጅ «ልጆች እንዳያዝኑ» ብሎ ተክሉን ለጊልጋሜሽ ቢመልስለት ምን ይቀራል? ጠንካራ ሰው ተጓዘ፣ ታገለ፣ አገኘ የሚል፣ በየፊልሙ የምናየው ዓይነት የጀብዱ ወሬ ይቀራል። ለሕጻናት ተውኔት ያዘጋጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አዳራሹ ጸጥ የሚለው ጀግናው ሰይፍ ሲመዝ አይደለም፤ ያኔ ልጆች ይጮኻሉ። ጸጥ የሚሉት አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ሲያጣ ነው። ልጅ አያቱን ቀብሯል፤ የሚወዳት ጥጃ ሞታበታለች፤ ጓደኛው ሰፈር ለቆ ሄዷል። ኀዘን ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆንበት ያንኑ ኀዘን በሩቅ አገር ያለ፣ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የሚነገርለት ንጉሥም እንዳዘነው ማወቁ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርባል። የመጀመሪያው ልጆች ይፈራሉ የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የራሳችንን ባህል ይዘነጋል። በምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ የሚመልሰው ልጅ ጅብ አህያዋን ሲበላት፣ የእንጀራ እናት ልጅቱን ስታባርራት ሰምቶ ያደገ ነው። የሚያስፈራውን ነገር ከሚወደው ሰው አፍ፣ በሚወደው ሰው ጉልበት ሥር ሆኖ ስለሚሰማው ፍርሃቱን መሸከም ይማራል። ይህም ሲባል ሁሉ ለሁሉም ዕድሜ ይነገር ማለት አይደለም። ክሮኖስ ልጆቹን እየዋጠ የኖረበትን፣ ኤዲፐስ አባቱን የገደለበትን ታሪክ ለስድስት ዓመት ልጅ ማቅረብ ማስተዋል የጎደለው ነው። መፍትሔው ግን ታሪኩን መቁረጥ ሳይሆን ማቆየት ነው። ለዕድሜው የሚሆን ሌላ ሙሉ ታሪክ እያለ የማይሆነውን ጎምዶ መስጠት ምን ያደርጋል? መምረጥ የመምህር ጥበብ ነው፤ መጎመድ ግን ታሪኩንም ልጁንም ማሳነስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አፈ ታሪክ ከሳይንሳዊ አስተሳሰብ ጋር ይጋጫል የሚል ነው። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1857 በጻፈው አንድ መግቢያ፣ አፈ ታሪክ ሰው ገና ያልተቆጣጠራቸውን የተፈጥሮ ኃይሎች በምናቡ የሚገዛበት መንገድ መሆኑን፣ ኃይሎቹ በእውን ሲገዙም እንደሚጠፋ ገልጾ ነበር። ይህን ያነበቡ አንዳንድ ሰዎች እዚያው ላይ ያቆማሉ። እርሱ ግን ቀጥሎ፣ ይህ ከሆነ የግሪክ ጥበብ ዛሬም ደስታ የሚሰጠን ስለ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ አስቸጋሪው ጥያቄም ይህ መሆኑን ይናገራል። በትሮይ ጦርነት የወደቀውን የኢትዮጵያውያንን ንጉሥ የሜምኖንን ታሪክ እናንሳ። እናቱ የንጋት አምላክ ኢኦስ ስለ ልጇ ታለቅሳለች፤ በየማለዳው በሣር ላይ የምናየው ጤዛም የእርሷ እንባ ነው ይላል ኦቪድ። መምህሩ ጤዛ በቀዘቀዘ ነገር ላይ ከአየር ውስጥ እርጥበት እየረጋ እንደሚፈጠር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የሜምኖንን እናት ይተርካል። ልጁ ግራ አይጋባም። አንዱ ጤዛ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሌላው እናት እንዴት እንደምታዝን መናገሩን ያውቃል። ግራ የሚጋባው ሁለቱን በአንድ ድምፅና በአንድ ሰዓት ቀላቅለን ስንነግረው ነው።

ወደ ሁለተኛው መቆረጥ እንለፍ። ከዓለም አፈ ታሪኮች መድበሎች በብዙዎቹ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። የዜውስና የኦዲን ታሪክ «አፈ ታሪክ» ተብሎ በፊት ገጾች ይቀመጣል፤ የአፍሪካው ደግሞ «የሕዝብ ተረት» ተብሎ ከኋላ፣ ከእንስሳት ወሬ ጋር ይደረደራል። በጋናና በአካባቢዋ የሚኖረው የአካን ሕዝብ ስለ ሰማይ አምላክ ስለ ኒያሜና ስለ ሸረሪቱ አናንሴ የሚናገረው ግን ተራ የእንስሳት ወሬ አይደለም። ታሪኮች ሁሉ በኒያሜ እጅ ነበሩ፤ አናንሴ ዋጋ ከፍሎ ወደ ሰዎች አወረዳቸው። እሳትን ከሰማይ ካወረደው ከፕሮሜቴዎስ ጎን ታሪክን ከሰማይ ያወረደውን አናንሴን ማስቀመጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊቷ ጌይል ሄሊ ይህንን ታሪክ «ተረት፣ ተረት» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አስጊጣ ለሕጻናት አሳተመችው፤ በተከታዩ ዓመትም በአገሯ ለሕጻናት ሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን የካልዴኮት ሽልማት አገኘችበት። የአፍሪካን የአነጋገር ስልት ለማክበር ያደረገችው ጥረት የሚመሰገን ነው። በመጽሐፏ አናንሴ የሚከፍለው ዋጋ ሦስት ነው፤ ነብሩ፣ ተናዳፊዎቹ ተርቦችና የማትታየዋ የጫካ ፍጡር። ይሁን እንጂ ራትሬይ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ከአሻንቲዎች ሰብስቦ ባሳተመው ቅጂ ዋጋው ዘንዶንም ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ አናንሴ ሳይጠየቅ የገዛ እናቱን መርቆ ለመስጠት ቃል ይገባል። ይህ ያስደነግጣል፤ ሊያስደነግጥም ይገባል። አናንሴ ለልጆች አርአያ የሚሆን ጨዋ ሰው ሳይሆን ለአንድ ታላቅ ነገር ሲል ሁሉንም የሚሸጥ ብልጣብልጥ ነው። ታሪኮቻችን ከማን እጅ፣ በምን ዋጋ እንደ መጡ ያንን ቅጂ የሰማ ልጅ ብዙ ይጠይቃል። እናቲቱ ስትቀር ጥያቄውም ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሳው ጉዳይ የራሳችንን ስም ይነካል። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ ካስዮጲያ ከባሕር ልጃገረዶች በላይ በውበት በመመካቷ የባሕር አውሬ በአገሩ ላይ ተላከ፤ ንጹሕ የሆነችው ልጅም በእናቷ ትምክህት ምክንያት ለአውሬው በዓለት ላይ ታሰረች፤ ጴርሴዎስ አውሬውን ገድሎ አገባት። በእርግጥ የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንጂ የዛሬዋን አገራችንን ወሰን ብቻ አልነበረም፤ ስለ ቦታውም ከጥንት ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ታሪኩን ወደ ኢዮጴ ወደብ ወስደውታል። ቢሆንም ኦቪድ በአንድ ግጥሙ አንድሮሜዳን በአገሯ ሰዎች መልክ ጠይም መሆኗን በግልጽ ተናግሯል። የአውሮጳ ሠዓልያን ግን ይህን አላዩም ወይም ሊያዩት አልፈለጉም። ቲሺያን በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሣላት አንድሮሜዳ እንደ በረዶ የነጣች ናት፤ ከእርሱም በኋላ የመጡት በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ የሕጻናት መጻሕፍት ሥዕሎችም ከእነርሱ ቀዱ። ጽሑፉ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ» እያለ ሥዕሉ ሌላ ሲናገር፣ መጽሐፉን የያዘው የአገራችን ልጅ የሚያምነው ሥዕሉን ነው። ይህ ነው ባለቤቱን መቁረጥ።

ልጁ ግን ለዚህች ለታሰረች ልጅ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲገድል በሚያሳየው የአገራችን ሥዕል ላይ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ የምትጠብቀውን ብሩታዊትን በየቤተ ክርስቲያኑ አይቷታል። ሦስተኛም አለች። በአክሱም አካባቢ ይነገር የነበረና ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የትግርኛ ትረካ እንደሚለው፣ ለዘንዶ ትሰጥ ዘንድ እትየ አዜብ ዛፍ ላይ ታሰረች፤ ሰባት ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ሲያርፉ እንባዋ ወረደባቸው፤ ዘንዶውንም ገደሉት፤ ደሙ ግን እግሯ ላይ ተንጠባጥቦ ተረከዟን እንደ አህያ ኮቴ አደረገው። ወደ መንደሯ ስትመለስ ከዘንዶው ያመለጠች መስሏቸው አባረሯት፤ በማግሥቱ የአውሬውን ሬሳ ወስዳ አሳየቻቸው፤ እነርሱም አለቃቸው አድርገው ሾሟት። ይህችው አዜብ በትረካው ወደ ሰሎሞን የምትሄደው ንግሥት ናት።

መምህሩ እነዚህን ሦስት ልጃገረዶች ጎን ለጎን ቢያቆማቸው ምን ያህል ሥራ ይሠራል! ማን አሰራቸው? ስለ ማን ጥፋት? ካመለጡ በኋላ ማን ምን አደረገ? አንድሮሜዳ የአዳኟ ሚስት ሆና ትሄዳለች፤ አዜብ ባባረራት መንደር ላይ ትሾማለች፤ ነገር ግን የደሙን ምልክት በእግሯ ይዛ ትኖራለች። ይህን የሚያነጻጽር የአሥር ዓመት ልጅ የዓለምን አፈ ታሪክ የሚማረው እንደ ተመጽዋች አይደለም፤ የራሱን ይዞ ወደ ገበያ እንደ ወጣ ሰው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሰሜን አዙሮ ካስዮጲያን፣ ኬፌዎስን፣ አንድሮሜዳንና ጴርሴዎስን በከዋክብት መልክ ሊያሳያቸው ይችላል። ለዚህ ትምህርት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው የፋኤቶን ታሪክ ነው። ፋኤቶን የፀሐይ ልጅ ነው፤ እናቱ ክሊሜኔ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሜሮጵስ ሚስት ናትና ያደገው በዚያ ቤት ነው። አባቱ ፀሐይ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ የፀሐይን ሠረገላ አንድ ቀን ሊነዳ ለመነ፤ ፈረሶቹን መግዛት ተስኖት ምድርን አቃጠለ፤ በመብረቅ ተመትቶ ወደቀ፤ እኅቶቹ እስኪደርቁ አለቀሱለት። በዚህ ቃጠሎ ምክንያት የኢትዮጵያ ሰዎች ቆዳ እንደ ጠቆረ ኦቪድ ይጨምራል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንዴት እናንብብለት?

አዘጋጆች ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ ዐረፍተ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ነው። ሌላው እንደ ወረደ ማንበብና ልጁ መልኩ የአደጋ ጠባሳ መሆኑን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ መተው ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ዐረፍተ ነገሩ ይነበብ፤ ነገር ግን ሙሉ ሆኖ ይነበብ። ኦቪድ «ሆነ» አላለም፤ «ይታመናል» ብሎ ነው የጻፈው፤ ይህችን አንዲት ቃል የሚጥል ተርጓሚ የባለቅኔውን ጥንቃቄ ጥሏል። ቀጥሎም መምህሩ ይጠይቅ፤ የራሱን መልክ መነሻ አድርጎ የሌላውን «ተለወጠ» የሚለው ማን ነው? ታሪኩን የሚናገረው እኛ ብንሆን ኖሮ ማንን ተለወጠ እንል ነበር? በመጨረሻም ከዚያው ከግሪኮች አፍ የወጣውን ሌላውን ቃል ያንብብላቸው። በሆሜር «ኢልያድ» መጀመሪያ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ነቀፋ የሌለባቸው ወደሚላቸው ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ አሥራ ሁለት ቀን ይቆያል። በ«ኦዲሲ» መጀመሪያም ፖሰይዶን እዚያው ነው። አንዱ ሕዝብ ስለ ሌላው ሁለት ነገር እንደሚናገር፣ አንዱን ብቻ የሰማ ሰውም እንዳልሰማ መሆኑን ልጁ በዚህ ይማራል። ከዚህ የበለጠ የንባብ ትምህርት ምን አለ?

የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ተቀብሎ ማሳደር ለአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ያሻል። ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ ድንቅ ነገር የሚተርከው «ፊሳልጎስ» በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሷል። የእስክንድር ታሪክ በግዕዝ ሲጻፍ መቄዶንያዊው ንጉሥ እንደ ክርስቲያን የሚጸልይ ሰው ሆኗል። የሕንዱ የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ከአገር አገር፣ ከቋንቋ ቋንቋ ተዘዋውሮ «በረላም ወይዋስፍ» ሆኖ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው እ.ኤ.አ. በ1553 በደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ በእንባቆም እጅ ነው። ስለዚህ መለወጥን አንቃወምም፤ ታሪክ ድንበር ሲሻገር ልብስ ይለውጣል። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገው ልዑል ወደ ውጭ ወጥቶ በሽተኛንና ሽማግሌን የሚያይበት፣ ሞት እንደማይቀርለት የሚረዳበት ክፍል በዚያ ሁሉ ጉዞ አልተቆረጠም። ያ ቢቆረጥ ኖሮ ታሪኩ ከሕንድ መነሳት ባላስፈለገው ነበር። የጥንቱ ተርጓሚ ልብሱን እንጂ አጥንቱን አልነካም።

በአንጻሩ የእኛ ታሪክ ወደ ዓለም ልጆች ሲሄድ እንዴት እንዲሄድ እንወዳለን? ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 የኢትዮጵያን ተረቶች ለአሜሪካ ልጆች በመጽሐፍ ሲያቀርቡ፣ በተራራው ላይ ስለ ነደደው እሳት የሚናገረውን ተረት ከጉራጌ ምድር ወደ አዲስ አበባ የመጣው አገልጋይ፣ የሱሉልታ ብርድና በሽታ ብቻ የሚከፈለው የግብዣ ፍርድ ሳይቀሩ አቅርበውታል። የባዕድ አገር ልጅ ስሙን በትክክል መጥራት ቢቸግረውም የማን አገር ታሪክ እንደሆነ ያውቃል። ለእኛ የተደረገውን ለሌላው ማድረግ ፍትሕ ነው፤ አናንሴ የአካን፣ ጊልጋሜሽ የኡሩክ፣ ፋኤቶን የግሪክና የሮማ መሆናቸው በየገጹ ሊታወቅ ይገባል።

እንግዲህ ሥራው የብዙዎች ነው። ተርጓሚው ከተመጠነ የሕጻናት ቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ከማውጣት ይልቅ ወደ ምንጩ ይሂድ፤ ያሳጠረውን ነገር ግን መጨረሻውን አይንካ። ሠዓሊው ከባዕድ መጽሐፍ ሥዕል ከመገልበጡ በፊት ጽሑፉን ያንብብ፤ ቢያንስ አንድ ጠይም አንድሮሜዳ ከአገራችን ብሩሽ ልትወጣ ይገባታል። የተውኔት ባለሙያው ለሕጻናት መድረክ ሲጽፍ አዜብ ወደ መንደሯ ስትመለስ ያለውን ሌሊት አይዝለለው። የባህል ሠራተኛው በየወረዳው ያሉ አዛውንት ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ሞት የሚሉትን ይቅዳ፤ የኦሮሞው፣ የሲዳማው፣ የአፋሩ፣ የአኙዋኩ ልጅ የዓለምን ታሪክ ሲሰማ የሚያነጻጽርበት የራሱ በእጁ ይኑረው። መምህሩም ታሪኩን ሲጨርስ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ለማለት አይቸኩል። ጥቂት ይቆይ። ከልጆቹ አንዱ እባቡ ተክሉን ለምን እንደ ወሰደበት መጠየቁ አይቀርም፤ ትምህርቱም ከዚያ ጥያቄ ይጀምር።